የቤት ቃል

ሰው እዚያ ላይ ቢሞት የሚቀበረው የት ነው?

ሐኪም ጠይቄ፣ አስተማሪ ጠይቄ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው። መሬት ላይ የሞተውን መሬት ትቀበለዋለች። ባሕር ላይ የሞተውንም ባሕሩ ይወስደዋል ይባላል። እዚያስ? አፈር አለ ይላሉ። አፈር ቢኖር ቆፋሪ የለ፤ ቆፋሪ ቢገኝ አልቃሽ የለ። ያን ዕለት ጠዋት ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ ከዳቦ ቤቱ ወደ ቤቴ ቁልቁል ስጣደፍ በአፌ የማመላልሰው ይህንኑ ነበር። እንግዳ ሊመጣብኝ ነው፤ ዳቦው ደረቴን ይለበልበኛል፤ የአንድ እግር ጫማዬ ተረከዝ ደግሞ ላልቷል።

ጂፑ ከኋላዬ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈኝ። አረንጓዴ ነው፣ ሸራ የለበሰ፣ በሩ ላይ ነጭ ግማሽ ጨረቃ የተሳለበት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጡን አቆመ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛውን ትቶ ምላጩን እንደያዘ ደጅ ወጣ።

«እማማ፣ እንግዶችዎ ቀደሙዎት እኮ!»

«ይቅደሙኛ! እኔ ሮኬት የለኝ!»

ግን አልቀደሙኝም። ለውኃ ቧንቧ ተብሎ የተቆፈረው ቦይ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን የደፈነው የለም፤ ጂፑ እዚያ ሲደርስ የፊት ጎማው ሰመጠ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሊገፋ ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዱ «ውኃው በፈረቃ፣ እኛ በጨረቃ!» ብሎ ሲጮህ ሳቁ ፈነዳ። ሹፌሩም ሳይወድ ሳቀ። ከኋላው የተቀመጠችው ሴት ግን አልሳቀችም። ጥቁር ለብሳለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች። በአጠገቧ ሳልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የበኩሩ እናት ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ታላላቆቹ አገሮች ወደ ጨረቃ ሲያንጋጥጡ ከርመው፣ ሰው አቃጥለው፣ በመጨረሻ ሰልችቷቸው የተዉበት ዘመን ነበር። እነሱ ሲተዉ የኛ አገር ጀመረች። የውጭ ጋዜጦች ጨረቃን በገመድ የሚጎትት አህያ ሥለው ሳቁብን። እኛም ራሳችን ሳቅን፤ ደህና መንገድ የሌላት አገር ወደ ጨረቃ መንገድ ትጠርጋለች እያልን። መንኮራኩሩ የተበየደው በባቡር መጠገኛው ጋራዥ ነው። የጠፈርተኞቹን ልብስ የሰፋው ጃንጥላና ድንኳን የሚሰፋው ፋብሪካ ነው። ክብደት አልባ መሆንን የሚለማመዱትም በቢራ ፋብሪካው የውኃ ጋን ውስጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጨረቃ ጽሕፈት ቤት ይባላል፤ ሰው ግን ባጭሩ «ላይ ቤት» ይለዋል።

የመጀመሪያው ጠፈርተኛ፣ ሕዝቡ «በኩሩ» ያለው ልጅ፣ ሲመለስ ሰማይ ላይ ተቃጠለ። እናቱ የሰማችው በራዲዮ ነው። መሄዱንም ያወቀችው ያኔ ነው፤ ምስጢር ነው ብለው አልነገሯትም ነበር። በነጋታው ሄዳ ጋራዡ በር ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። በያጆቹ እሷን ተራምደው መግባት አቃታቸው። አንዱ መሣሪያውን አስቀመጠ፣ ሌላው ተከተለው፣ ጋራዡ ጭር አለ። ሹማምንቱ ቢለምኑ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እግሯ ላይ ሲወድቁ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ ቤቱ ሳይጠየቅ የሚወሰድ ልጅ እንዳይኖር።

«የቤት ቃል» የሚባለው ደንብ እንዲህ ተወለደ። ጠፈርተኛው ከመሄዱ በፊት አንድ መኮንንና የበኩሩ እናት ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። መኮንኑ ሊሰበር የሚችለውን፣ የሚፈራውን ሁሉ ሳይደብቅ ለቤቱ ታላቅ ይናገራል። የምትጠይቀው ግን እናቲቱ ናት፤ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው እምቢታ ከድንጋጤ፣ ሁለተኛው ከይሉኝታ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታለፋል። ሦስተኛው ቃል ነው። እምቢ ከተባለ ተጠባባቂው ይሄዳል፤ ጄኔራልም አይሽረው።

የኛ ቤት ታላቅ እኔ ነኝ። ጠፈርተኛዋ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች በማንኪያ ወተት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ላይ ቤት መቶ አለቃ ይሏታል። ለኔ ሚጣ ናት።

ቤት ስደርስ ልጄ፣ የሚጣ አባት፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በዚያ ጋራዥ ዋናው በያጅ እሱ ነው፤ ልጁ የምትሄድበትን መንኮራኩር ከላይ እስከ ታች የበየደው በገዛ እጁ ነው። አዲሱን ኮቱን ለብሷል፤ ዓይኑ እንደ ሁልጊዜው ከብየዳው ብልጭታ የተነሣ ደም መስሏል። ክንዴን ይዞ ማድ ቤት አስገባኝ።

«መጡ እንዴ፣ እማ?»

«ቦዩ ይዟቸዋል። እየተገፉ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ።» በሩን ገርበብ አደረገው። «እምቢ በይ።»

«ምን?»

«ሦስቱንም ጊዜ እምቢ በይ። እለምንሻለሁ።»

ዳቦውን አስቀመጥኩ። «ብየዳው ላይ ችግር አለ እንዴ? ካለ አሁኑኑ ለሚመጣው ኮሎኔል...»

«የለም! የለም እኮ ነው የምልሽ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢኖር ምን ነበረበት? አሳያቸዋለሁ፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል። አሳምሬ ነው የሠራሁት። በራጅ አይተውታል፣ እኔም በጄ ዳስሼዋለሁ። ምንም የለውም። ምንም ሳይኖረው ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

«ታዲያ አንተው አትሂጂ አትላትም? አባቷ አይደለህ?»

«እኔ? ዋናው በያጅ? የራሱን ልጅ በሠራው ነገር ላይ ማስቀመጥ ፈራ ከተባልኩ፣ ነገ ማን የማንን ልጅ ያስቀምጥበታል? እሷስ በምን ዓይኗ ታየኛለች?» ሁለት እጄን ያዘኝ። «አንቺ ግን ብትፈሪ ማንንም አይገርምም። ስትፈሪ ነው የኖርሽው። ብስክሌት ስትነዳ ፈራሽ፣ ዋና ስትማር ፈራሽ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ልትከቻት ነበር። ብትቀየምም አንቺን ትቀየማለች። ግን ቂም አትይዝብሽም፣ ታውቂያታለሽ።»

እውነቱን ነው። ወተት ሲገነፍል የምጮህ ሴት ነኝ። ቢሆንም ሰው ፍርሃቱን እንደ ጆንያ አምጥቶ ሌላው ትከሻ ላይ ሲጥል ደስ አይልም፤ ልጅም ቢሆን።

«እሺ» አልኩት። ምን ልበለው? እኔም ከአልጋዬ የተነሣሁት እምቢ ልል ነበር።

ሚጣ ሳሎን ውስጥ የከሰል ካውያውን ይዛ የደንብ ልብሷን ትተኩሳለች። ሳላስበው ጮህኩባት።

«ቀስ በይ፣ ያቃጥልሻል!»

«እማማ ደግሞ! ሮኬት ላይ ልቀመጥ ነው፣ አንቺ ካውያ ትፈሪልኛለሽ?»

እሷ ሳቀች፤ አባቷም ለመሳቅ ሞከረ። እኔ ብርጭቆ ልደረድር ሄድኩ፤ የደረደርኩትን ቆጠርኩና አፈረስኩት፤ እንደገና ደረደርኩት።

ኮሎኔሉ በራችን አጥሮት ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀድሞ መድፈኛ ነበር አሉ፤ አንድ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ሲያነጋግሩት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ቡትስ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኗል። ሚጣ ቀጥ ብላ ሰላምታ ሰጠችው። እሱም መለሰላትና ቆቡን አውልቆ ወደኔ ዞረ።

«እንደምን አደሩ እማማ። ስላስጠበቅንዎት ይቅርታ፣ መንገዱ...»

«መንገዱን ተዉት፣ እኛ ነን የምናውቀው። ይቀመጡ።»

የበኩሩ እናት ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሚጣ በደንቡ መሠረት መናገር ስለማይፈቀድላት ከግድግዳው ጥግ በርጩማ ላይ ሆነች። ልጄ አልቀመጥም ብሎ በሩን ተደግፎ ቆመ። ከፔርሙዙ ሻይ ስቀዳ ግማሹን በሳሕኑ ላይ አፈሰስኩት። ማንም እንዳላየ ሆነ።

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደ ደንቡ ልናገር። የመጀመሪያው የሞተሩ ነገር ነው። ከጨረቃ ለመነሣት የሚያገለግል አንድ ሞተር አለ፤ አንዱ ብቻ ነው፤ ምትክ የለውም። እዚህ ስንሞክረው ሁልጊዜ ይነሣል። አንድ ቀን ግን እምቢ ብሎናል። ምክንያቱን አግኝተን አስተካክለናል። ይመስለናል።»

«ይመስለናል?»

«ይመስለናል፣ እማማ። ነው ብዬ ብምልልዎት ውሸት ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሁለተኛው ሲመለሱ ያለው ሙቀት ነው።» ወደ መስኮቱ ላለማየት ወለሉ ላይ አቀረቀረ። «በኩሩን የነጠቀን እሱ ነው። መከላከያውን ቀይረነዋል። በሰው ግን ገና አልተሞከረም። ሦስተኛው...» እጁን ዘረጋ፣ ባዶ እጁን። «ሦስተኛው የማናውቀው ነው።»

ከዚህ በኋላ መጠየቅ የኔ ተራ ነበር። አንድ ትልቅ ነገር ልጠይቅ አስቤ የመጣልኝ ትንሹ ሆነ።

«እዚያ ጭንቅላቷን በሚሸፍነው ነገር ውስጥ ሆና ብታስነጥስስ? በምን ትጠርገዋለች?»

ኮሎኔሉ የሚሰማ ጆሮውን አቀረበልኝ። ደገምኩለት።

«አትጠርገውም» አለ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

«ምን ትበላለች?»

«ከቱቦ እየተጨመቀ የሚበላ አለ።»

«እንደ ጥርስ ሳሙና?»

«እንደ ጥርስ ሳሙና።»

ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሳቋ ሊያመልጣት ነው።

«የወር ነገሯ ቢመጣስ?»

ልጄ ሳል ያዘው። ኮሎኔሉ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አገላበጠው፣ ከዚያ መልሶ አገላበጠው።

«ተሰናድቶላታል» አለች የበኩሩ እናት። ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ወፈር ያለ፣ የደከመው ድምፅ። «ጠይቄያቸዋለሁ። ያ ሁሉ ሱሪ ለባሽ ተሰብስቦ አንዱም አላሰበው።»

ለቅጽበት ቤቱ ቀለል አለ። እሷ ግን ወዲያው ወንበሯን ወደኔ ሳበች፤ ምን ሊመጣ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

«እህቴ፣ ልጅሽን ትሰጫለሽ?»

«አልሰጥም።»

ኮሎኔሉ ሻዩን አንሥቶ ፉት አለ። የመጀመሪያው እምቢታ «በልቼ ነው የመጣሁት» እንደሚል እንግዳ ነው የሚታየው፤ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ የምሬን መሆኑን ያወቀችው እሷ ብቻ መሰለችኝ።

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ» አልኳት። «ያኔ ቀድመው ጠይቀውሽ ቢሆን ምን ትይ ነበር?»

ኮሎኔሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ይሄ እንኳ ከደንቡ ውጭ...»

«ደንቡ የኔ ነው» አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ ለኔ፦ «እምቢ እል ነበር። ዛሬ ልጄ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠላኝ ነበር። በር እያላተመ ይገባል፣ በር እያላተመ ይወጣል። እኔም ምሳውን እያቀረብኩለት ጥላቻውን እበላ ነበር።» እጆቿን ፈታ መልሳ አጣጠፈቻቸው። «ጥሩ ኑሮ ነበር።»

ልጄ ትከሻው ሲረግብ አየሁት። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከእንግዲህ ማን ይፈርድብኛል አልኩ በልቤ።

«ትሰጫለሽ?» አለች ለሁለተኛ ጊዜ።

«አልሰጥም!»

አሁን ኮሎኔሉ ሻዩን አልነካም። ደንቡ ከሦስተኛው በፊት የቤቱ ታላቅና ጠፈርተኛው ብቻቸውን እንዲነጋገሩ ያዛል። ሚጣን ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁ። ገና ከመግባቷ ዳቦውን ቆርሳ ቆማ ትገምጣለች።

«ምነው? የተራበ ሰው መሰልሽኝ!»

«በጥርስ የሚበላ ልብላ እንጂ» አለች አፏን ሞልታ።

«አትቀልጂ። ሚጣ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ፈርተሻል?»

ማኘኳን አቆመች። «አዎ።»

ትክዳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «በቃ! እምቢታውን እኔ እሸከምልሻለሁ። ፈራች የሚልሽ የለም። አሮጊቷ ከለከለቻት ይላሉ፣ ያልፋል።»

«አባዬ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

ፎጣውን አጣጠፍኩ። የተጣጠፈውን ፈታሁት።

«አውቃለሁ፣ ተይው» አለች። «ሐኪሙም ዘንድ ሄዶ ነበር። ሳንባዋ ላይ አንድ ነገር ፈልግባት ብሎ ለመነው። ሐኪሙ ደግሞ ‹ምን ላድርግህ፣ የፈረስ ሳንባ ነው ያላት› አለው። አባዬ አለቀሰ አሉኝ።» ቁጣ የለባትም፤ የታናሽ ወንድሟን ነገር የምታወራ ነው የምትመስለው። «እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም፣ እማማ። አይ፣ ውሸቴን ነው፣ እቀየምሻለሁ። ግን የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ፣ ሻይ አፈላልሻለሁ።»

«ኧረ እግዜር ይስጥሽ!»

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያ የውኃ ጋን ውስጥ ሲያወርዱኝ መጀመሪያ የምሰማው ያንቺን ድምፅ ነው። ተጠንቀቂ፣ ትወድቂያለሽ፣ ይቆርጥሻል፣ ያቃጥልሻል። ቀጥሎ የአባዬ ይመጣል፤ እሱ አይናገርም፣ ግን ደረቴ ላይ ይቀመጣል። የራሴ ፍርሃት መጨረሻ ነው የሚደርሰው። የኔ ትንሽ ናት። እችላታለሁ። የናንተን ግን አልቻልኩትም። እዚያ ነገር ሁሉ ቀላል ነው ይላሉ፤ እሱ ግን የሚቀልል አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አትፍሪ ነው የምትዪኝ?»

«አንቺ? አትፍሪ?» ሳቋ መጣ። «እሱን እንኳ ላይ ቤትም አይችለውም። ፍሪ። ግን እዚህ ሆነሽ ፍሪልኝ። እኔን አታሸክሚኝ።»

በፎጣው ልመታት ቃጣኝ። ከዚያ አሁን የተኮሰችው ኮሌታ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አየሁ። አራገፍኩላት፤ ከተራገፈም በኋላ እጄን አላነሣሁም።

ስንመለስ ሁሉም ቆመው ጠበቁን፤ ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚጠየቀው። የበኩሩ እናት ፊት ለፊቴ ሆነች። ከትከሻዋ በላይ ልጄን አየዋለሁ። ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ራሱን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀልኝ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ፣ እህቴ። ልጅሽን ትሰጫለሽ?»

እምቢታው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሌላ ያልለመደ ምላስ ነው። ወደ ሚጣ ዞርኩ፤ አትለምነኝም፣ አታባብለኝም፤ እንደ አንድ ትልቅ ሰው ቆማ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ማየት የጀመረችኝ ከመቼ እንደሆነ አላውቅም።

«እሰጣለሁ።»

ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ፈጥኜም ጨመርኩበት፤ ካልጨመርኩ የምመልሰው መሰለኝ። «ግን ሞተሩን ዛሬም ሞክሩት። ነገም ሞክሩት። የተነሣበትን ሁሉ እርሱትና እምቢ ያለበትን ቀን እያሰባችሁ ሞክሩት!»

«እንሞክረዋለን እማማ» አለ ኮሎኔሉ። ተረከዙን አጋጭቶ፣ ለጄኔራል እንደሚሰጥ፣ ሰላምታ ሰጠኝ። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ስለማላውቅ ቀሚሴን አስተካከልኩ። የበኩሩ እናት ሁለት እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነበር። «የምትሄድ ዕለት መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ራዲዮ ብቻሽን አትሰሚም።»

ኮሎኔሉ ወደ ልጄ ዞሮ እጁን ዘረጋለት። «ዋና በያጅ፣ እንኳን ደስ አለህ። የኮራ አባት ነህ።»

ልጄ የተዘረጋውን እጅ አየው፤ ምን እንደሚደረግበት የማያውቀው መሣሪያ ይመስል አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ስገርፈው ያደገ ልጅ ነው፣ ስቆጣው ያደገ ነው፤ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። የሰጠኋት የኔ ልጅ ብቻ እንዳልነበረች የገባኝ ያኔ ነው።

«አባዬ» አለች ሚጣ። ሁለት እርምጃ ቀረበችው። «አባ፣ እየኝ እስቲ።»

አላያትም። የኮቱን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ አንዱን በማይሆን ቀዳዳ አስገባውና እንደዚያው ተወው። የእንግዶቹን ጭቃ እየረገጠ ወደ በሩ ሄደ።

ደጁ ላይ ሰፈሩ ተሰብስቦ ቃሌን ይጠብቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከሁሉ ፊት ነው። «ጋሼ፣ ምን አሉ? ምን አሉ እማማ?» ብሎ ክንዱን ያዘው።

ልጄ ክንዱን አስለቀቀና በመካከላቸው አልፎ ወጣ። ፊቱን ያዩት ሁሉ «ከለከለች በሉኛ!» እየተባባሉ መበተን ጀመሩ።